መኪና ተከራይተው ራሳቸው ለሚነዱ የውጭ እንግዶች የስልክ ካርታ ብቻውን ይበቃል? (ስቴዲየም፣ ዑራኤል፣ ፒያሳ፣ አምስት ኪሎ)

ሰምሃል

ሰላም ለሁላችሁ። የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች፣ ባልና ሚስት፣ መስከረም 12 ከኔዘርላንድስ ይገባሉ፤ እስከ 20 ይቆያሉ። ሹፌር እንያዝላችሁ ብንላቸው እምቢ ብለው መኪና ተከራይተው ራሳቸው ሊነዱ ነው። አዲስ አበባን አያውቋትም፤ የሚተማመኑት በስልካቸው ካርታ ነው። ማረፊያቸው ስቴዲየም ጀርባ ነው። ከኤርፖርት ወደዚያ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም (አምስት ኪሎ)፣ ወደ ዓድዋ ድል መታሰቢያ (ፒያሳ)፣ ሜክሲኮ ወዳለ አንድ ቢሮ፣ ለምሳ ደግሞ ዑራኤል አጎቴ ቤት ይሄዳሉ።

ካርታው የት የት ላይ ያሳስታቸዋል? ኔትወርክ ቢቆራረጥ ምን ያድርጉ? አጎቴ ደግሞ ሎኬሽን መላክ ስለማይሆንለት የቤቱን ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫውን) ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ፕላኑ ላይ በ47 እና በ99 የሚጀምሩ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥሮች አሉ። እነሱን ገልብጬ ብልክላቸው ይሠራል?

ባለቪትዝ

እህቴ፣ እንግዶችሽ ዋና ዋናውን መንገድ በካርታ አያጡትም። የሚቸገሩት መድረሻቸው 300 ሜትር ሲቀር ነው። ካርታው ቦታውን ያሳያቸዋል እንጂ በየትኛው ወገን መቅረብ እንዳለባቸው ሁልጊዜ አይነግራቸውም።

ዑራኤልን እንያዝ። ከመስቀል አደባባይ በባምቢስ ወደ ዑራኤልና ወደ ሃያ ሁለት የሚሄደውን መንገድ መሐሉን የቀላል ባቡሩ መስመር ይዞታል። ስለዚህ በፈለጉበት ወደ ግራ መታጠፍ የለም። የአጎትሽ ቤት በግራ በኩል ሆኖ ፒኑ (ካርታው ላይ የሚተከለው የቦታ ምልክት) ወደ አስፋልቱ ተጠግቶ ከተተከለ፣ በቀኙ መስመር እየነዱ ሳሉ ስልኩ «ደርሰዋል» ብሎ ያበቃል። ቤቱ ማዶ እየታያቸው መኪናዋ ወደ ፊት ሄዳ፣ የተፈቀደ ማዞሪያ አግኝታ መመለስ ይኖርባታል። መተግበሪያው መንገዱን የሚጨርሰው ለፒኑ በሚቀርበው አስፋልት ላይ ነው፤ በሩ በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም። እንግዲህ የሚያስፈልጋቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከሃያ ሁለት ወደ መስቀል አደባባይ በሚወርደው መስመር፣ በቀኝ»። ወይም ተቃራኒው። ይህን ለእያንዳንዱ ቦታ ጻፊላቸው።

ሁለተኛው ከስቴዲየም በለገሃርና በሜክሲኮ እስከ ልደታ ያለው ነው። እዚያ ባቡሩ በድልድይ ላይ ስለሚሄድ መኪና ከሥሩ ይነዳል። ኮንክሪቱ ሰማዩን ይከልላል፤ የሳተላይቱ ምልክትም ከግድግዳና ከመስታወት ጋር ተጋጭቶ ዘግይቶ ስለሚደርስ ስልኩ ርቀቱን አብዝቶ ያሰላል። ሜዳ ላይ 5 ሜትር ገደማ የነበረው ስሕተት እዚህ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሰንጋ ተራ በባንኮቹ ፎቆች መሐልም ያው ነው። ስልኩ ላይ መኪናዋን የምታሳየው ቀስት ወደ ጎን መንገድ ዘላ ሌላ አቅጣጫ ስታዝ እንዳይታጠፉ። መቶ ሁለት መቶ ሜትር ቀጥ ብለው ቢነዱ ራሷ ትመለሳለች።

ከኤርፖርት ሲመጡም ወሎ ሰፈር ላይ የቦሌ መንገድ መሐለኛ መስመር ወደ ሥር ይወርዳል፤ መታጠፍ የሚፈልግ የጎን መስመሩን አስቀድሞ ነው የሚይዘው። ስልኩ ከላይ ይሁኑ ከታች በደንብ ስለማይለይ ትእዛዙን ሊያዘገየው ይችላል። ወደ ስቴዲየም ለሚሄድ ግን መሐሉን ይዞ ቀጥ ነው።

ካርታ አራሚ

ስለ ኔትወርኩ፦ ጂፒኤስ ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ስልኩ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለካርታው ምስል፣ ለፍለጋውና ለመንገድ መጨናነቁ ነው። ዳታ ከሌለ ግን ከአውሮፕላን ወርዶ ገና የተከፈተ ስልክ የት እንዳለ እስኪያውቅ ጊዜ ይወስድበታል። ሰማይ በሚታይበት ቆመው፣ ሰማያዊው ክብ እስኪጠብ ጠብቀው ከፓርኪንጉ ይውጡ።

ከአገራቸው ሳይነሡ በዋይፋይ፦ ጉግል ማፕስ ላይ ጥግ ያለውን የራሳቸውን ምስል ይንኩ፣ «ኦፍላይን ማፕስ» ይግቡ፣ የራሳቸውን ካርታ መምረጫውን ይክፈቱ። ሳጥኑን ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አያት ዘርግተው ያውርዱ። ያለ ኢንተርኔት በወረደው ካርታ ሲነዱ መጨናነቅ አይታይም፣ አማራጭ መንገድም አይቀርብም፤ ስለዚህ ሲም አውጥተው ዳታ መያዛቸው አሁንም ይሻላል። ለሲሙ ፓስፖርት ይጠየቃሉ። ለመጠባበቂያ ኦርጋኒክ ማፕስን ይጫኑ። የኢትዮጵያ ካርታ ሙሉውን ስልኩ ላይ ይወርዳል፤ መረጃው በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ካርታ፣ ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው።

ፍለጋ ላይ ሰው የሚስተው በስም ምክንያት ነው። ካዛንቺስን በላቲን ፊደል አንዱ በኬ ሌላው በሲ ይጀምረዋል፤ ፒያሳንም አንዱ በኤስ ሌላው በዜድ ይጽፈዋል። ሃያ ሁለትን በቁጥር ሲጽፉት ፍለጋው እንደ ቤት ቁጥር ሊቆጥረው ይችላል። ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ንግድ ባንክ ብሎ መፈለግማ የትየለሌ ነው። ካርታው የጻፈውና ሕዝቡ የሚጠራውም ለየቅል ነው፦ አፍሪካ ጎዳና ማለት ቦሌ መንገድ ነው፤ ሚያዝያ 27 አደባባይ አራት ኪሎ፣ የካቲት 12 አደባባይ ስድስት ኪሎ ነው። ስልኩ የሚያነብላቸውን የጎዳና ስም ይዘው መንገደኛ ቢጠይቁ ትከሻ ከመነቅነቅ በቀር መልስ ላያገኙ ይችላሉ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መድረሻ ሦስት ነገር በአንድ የቴሌግራም መልእክት ላኪ፦ ፒኑን፣ በሠፈሩ የሚታወቀውን ምልክት በአማርኛ ተጽፎ፣ የሚቀበላቸውን ሰው ስልክ። አማርኛውን እነሱ አያነቡትም፤ ለትራፊክ ፖሊስ ወይም ለሱቅ ባለቤት የሚያሳዩት ነው።

ቀያሹ

የፕላኑን ቁጥሮች እንዳትልኪ። የዩቲኤም ዞን 37 ቁጥሮች ናቸው፤ ዩቲኤም ቀያሾች ቦታን በዲግሪ ሳይሆን በሜትር የሚገልጹበት አሠራር ነው፤ በ47 የሚጀምረው የምሥራቁ፣ በ99 የሚጀምረው የሰሜኑ ነው። ጉግል ማፕስ ላይ እንዳሉ ብታስገቢያቸው አይቀበላቸውም።

በመቀየሪያ ድረ ገጽ ወደ ዲግሪ ብትለውጫቸውስ? ብዙዎቹ ነባር ፕላኖች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን፣ ስልክ የሚሠራው በሌላ መነሻ፣ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። መቀየሪያው ላይ አዲንዳንን ሳትመርጪ ከለወጥሽው ነጥቡ ከእውነተኛው በር ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወድቃል። ዑራኤል ላይ ደግሞ 200 ሜትር ከሀዲዱ ወዲያ ማዶ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ትክክለኛው፦ በሩ ጋ ሄዶ፣ ደጅ ቆሞ (ቤት ውስጥ ሆኖ አይደለም)፣ ካርታውን እስከ መጨረሻው አቅርቦ፣ ምስሉን ወደ ሳተላይት ቀይሮ፣ በሩ ላይ ጣትን ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ሁለት ቁጥር ይወጣል። ከነጥቡ በኋላ አምስት አሃዝ ይበቃል፤ አንድ ሜትር ገደማ ማለት ነው። አራት አሃዝ 11 ሜትር፣ ሦስት አሃዝ 110 ሜትር ያህል ነው፤ ሦስትና ከዚያ በታች ለሠፈር እንጂ ለበር አይሆንም።

ቅደም ተከተሉን አትሳቺ። መጀመሪያ 9 ብሎ የሚጀምረው፣ ቀጥሎ 38 ብሎ የሚጀምረው። ከተገለበጠ ፒኑ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ይተከላል። ፒን ባሕር ላይ ካረፈ ይህ ነው ምክንያቱ። ከመላክሽ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ከፍተሽ እዪው።

ሰምሃል

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ነገ ራሴ ሄጄ በሩ ላይ ፒኑን እተክላለሁ፤ ለካ የአጎቴ ካርታ ሌላ፣ የስልኩ ካርታ ሌላ! ሁለት ነገር ቀረኝ። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ተቀይረዋል፤ ካርታው ይህን ያውቃል? ደመራስ? ሆቴላቸው እዚያው አፍንጫው ሥር ነው።

ባለቪትዝ

ኮሪደሩ በ2016 ከተጀመረ ወዲህ መስመሮች ሰፍተዋል፣ መታጠፊያዎች ተዘግተዋል፣ አካፋዮች ተሠርተዋል። የሳተላይት ምስሉ ከመሬቱ ኋላ ሊቀር ስለሚችል፣ ካዛንቺስ ላይ የፈረሰ የውስጥ መንገድ በካርታው ላይ አሁንም እንዳለ ቢታያቸው አይደንግጡ። ዋናውን አስፋልት ብቻ ይያዙ። ስልኩ ሁለት ደቂቃ ለማትረፍ ብሎ በኮብልስቶን ውስጥ ለውስጥ ሲልካቸው እሺ አይበሉ፤ ጠባብ ነው፣ ሚኒባስ ፊት ለፊት ከመጣ አንዱ ወደ ኋላ መውጣት አለበት። መስከረም ላይ ዝናቡም ገና አልለቀቀም፤ ውኃ የቋጠረ ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታወቅም። ምልክቱና ስልኩ ከተጣሉ ምልክቱ ይበልጣል፤ የትራፊኩ እጅ ደግሞ ከሁለቱም።

ወደ አምስት ኪሎ ሲሄዱ ካርታው ከሒልተን በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ አራት ኪሎ የሚወጣውን ሊመርጥላቸው ይችላል። ጥሩ መንገድ ነው፤ ግን እዚያ ዳር ይዞ ቆሞ ስልክ መነካካት፣ ፎቶ ማንሳት የለም። መድረሻውን አስቀድመው ይሙሉ።

ደመራ መስከረም 16 ነው። ወደ መስቀል አደባባይ የሚያስገቡት መንገዶች በዕለቱ ይዘጋሉ፤ ፖሊስ ዝርዝሩን ቀደም ብሎ በዜና ያሳውቃል፣ እሱን አንብቢላቸው። መተግበሪያው መዘጋቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ካስመዘገበለት ወይም የብዙ ስልኮችን እንቅስቃሴ አይቶ ከገመተ ነው። ባዶ መንገድን ደግሞ ክፍት ነው ብሎ ሊያስበው ይችላል። ስለዚህ በዚያ ቀን መኪና ካስፈለጋቸው 15 ማታ ከአደባባዩ ራቅ አድርገው ያቁሟት፣ ለምሳሌ ሳር ቤት በኩል ዘመድ ግቢ። ካላስፈለጋቸው ሆቴል ትደር፤ ደመራውን በእግራቸው ይሂዱ።

የለገሃር ልጅ

አንድ የተረሳ ነገር፣ ሰዓት። ስልኩ የመድረሻ ሰዓታቸውን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የሚያሳየው። አጎትሽ «ለምሳ 7 ሰዓት» ካለ ስልካቸው ላይ 13:00 ነው። ስትጽፊላቸው በእነሱ አቆጣጠር ብቻ ጻፊ፤ ሁለቱን ካቀላቀልሽ በስድስት ሰዓት ይተላለፋሉ።

የሚከራዩት መኪና ከጃፓን የመጣ ከሆነ አብሮት ያለው ስክሪን ካርታው የጃፓን ብቻ ስለሚሆን አይጠቅማቸውም። የስልክ መያዣ ይዘው ይምጡ፤ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ያስቀጣል። መያዣውን አየር ማስገቢያው ላይ ቢሰኩት ይሻላል፤ መስታወት ላይ ፀሐይ እየመታው ስልኩ ሲግል ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ቻርጅ ማድረግም ሊያቆም ይችላል። የመኪና ቻርጀሩ ቢያንስ 2 አምፔር ይሁን። ከዚያ ያነሰው፣ ካርታ ተከፍቶ ስክሪኑ እየበራ፣ የሚሞላው ከሚያልቀው ሊያንስ ይችላል።

ሰምሃል

መያዣውንና ቻርጀሩን ዛሬውኑ ጻፍኩላቸው። ከመስቀል አደባባይ ሥር ያለው ፓርኪንግ ውስጥ ቢያቆሙስ፣ ስልኩ ይሠራል?

ካርታ አራሚ

ከመሬት በታች ሳተላይት አይገባም። ቀስቷ የገቡበት በር ላይ ትቀራለች፤ ሲወጡም ለትንሽ ጊዜ በተሳሳተ አቅጣጫ ትቆማለች፣ ምክንያቱም ስልኩ አቅጣጫን በደንብ የሚለየው መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ነው። ከመግባታቸው በፊት ቆመው ፒን ይትከሉ፣ የገቡበትን በር ፎቶ ያንሱ። ሲወጡ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ስልኩን ሳይሰሙ የመኪናውን ፍሰት ተከትለው ይሂዱ። ወደ ሆቴላቸው ለመመለስ የስቴዲየሙን ግንብ ካዩ ካርታውን ማየት አያስፈልጋቸውም።