አራተኛው ጥይት ለምን ይስታል?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። የአክስቴ ልጅ ባሕር ማዶ በአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ የኢላማ ውድድር ይወዳደራል። ርቀቱ 1000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ነው። እኔ ከዚያ ርቀት በሬና ላም መለየቴንም እንጃ!

ችግሩ ይኸውላችሁ። የመጀመሪያዎቹ 3 ጥይቶች መሀል ይገባሉ። ከአራተኛው ጀምሮ የእርሳስ ጥይቱ ከአፈሙዙ በዘንግ ሲገፋ አልገባም ይላል። ሲተኮስም አንዱ ላይ፣ አንዱ ጎን ይበተናል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ውስጡ እየደረቀ እንደሆነ ገብቶታል። በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውለው ደግሞ እርጥበቱ ይቀርና ቀጣዩ ጥይት ዝቅ ይላል። ጠመንጃውስ አይታማም፤ እ.ኤ.አ. በ1874 ኒውዮርክ በነበረው የክሪድሞር የተኩስ ሜዳ ላይ አየርላንዶች በዚሁ ዓይነት ተኩሰው አሜሪካኖች የበለጧቸው በ3 ነጥብ ብቻ ነው።

«ጎጃም አይደለህ እንዴ? ሽማግሌ ጠይቅልኝ» አለኝ። አያቴን ጠየቅኳቸው። እሳቸው የሚያውቁት ወጅግራ ነው፤ ወጅግራ ደግሞ የሚጎርሰው ከኋላ። «ከአፉ የሚጎርሰውማ የአባቴ ነበር» ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ። በቃ።

እስቲ የምታውቁ፣ ከእርጥቡ ጨርቅ በኋላ ስንት ጊዜ ደረቅ ይግባ? ወይስ ጥላሸቱን ለማለስለስ በቀጭን ቱቦ ትንፋሽ መንፋቱ ይሻላል? ውድድሩ ቅዳሜ ነው።