«ባክቲ» በአማርኛ ማን ይባል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሂንዱዎችን ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታን እየተረጎምኩ 12ኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ። 20 ቁጥር ብቻ ነው፤ ግን «ባክቲ» የምትለዋ፣ ሰው ለአምላኩ ያለውን ፍቅርና መሰጠት የምትገልጸው ቃል ጠምዳ ይዛኛለች። «አምልኮ» ብዬ ላልፋት ስል እጄ እምቢ አለኝ።

ፊደል ወዳድ፦ እጅህ ልክ ነው። አምልኮ ከግዕዙ «መለከ» ይወጣል፤ ገዛ፣ የራሱ አደረገ። ጌታና ሎሌ አለበት። የጥንቱ የሕንድ ቋንቋ የሳንስክሪቱ ባክቲ ግን ሥሩ «ባጅ» ነው፤ ተካፈለ፣ ድርሻ ያዘ። «ባጋቫን» የሚለው የአምላክ መጠሪያም ከዚሁ ሥር ነው፤ ባለጸጋው እንደማለት። ወዳጁና ተወዳጁ በቃል ዘመዳሞች ናቸው።

ቀበጥ ብዕር፦ ጋሼ፣ አንድ ልጨምርልዎት። «ባክታ» አንድም አማኝ ነው፣ አንድም የበሰለ ሩዝ ነው። በሂንዲና በቤንጋሊ ሩዝን «ባት» የሚሉት ከዚያ ወስደው ነው። ተካፍለው የሚበሉት ድርሻ ማለት ነዋ!

ጠያቂ፦ ታዲያ «ፍቅር» ብለውስ? ናራዳ ባክቲ ሱትራ የሚባለው ድርሳን ከሁሉ የላቀ ፍቅር ይለዋል።

ፊደል ወዳድ፦ ያስኬዳል። ግን ባጋቫታ ፑራና የሚባለው የሂንዱ መጽሐፍ 9 ዓይነት ባክቲ ይቆጥራል፤ ስሙን መስማት፣ መዘመር፣ ማሰብ እያለ ይሄድና 8ኛው ጓደኝነት፣ 9ኛው ራስን መስጠት ነው። እኔ «ማደር» እላለሁ። «ለእግዚአብሔር ያደረ» እንል የለ? አገልግሎትም ቤተኝነትም አለበት።

ቀበጥ ብዕር፦ «ሆድ አደር»ም እኮ ከዚያው ነው። ሩዙ መጣ!

ፊደል ወዳድ፦ ሳቅ ብቻ አይደለም፣ ነገሩም እዚያ ነው። ንጹሑ ባክቲ «አሃይቱኪ» ይባላል፤ ሰበብ የሌለው። ልጅ ስጠኝ፣ ሀብት ስጠኝ የለበትም። እንዲያው መውደድ ነው። ይቺን «እንዲያው»ን የሚተካ ቃል አላገኘሁም። ጊታ 9፥26 ላይ አምላኩ ክሪሽና የሚቀበለው ምን መሰለህ? ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ፣ ውሃ። ድሃ የማያጣውን።

ጠያቂ፦ ስለዚህ የሂንዱ መጻሕፍት ሁሉ እምብርት ባክቲ ነው ብዬ መግቢያ ልጻፍ?

ፊደል ወዳድ፦ ቀስ በል። እንደዚያ የሚሉት በተለይ ቪሽኑ የተባለው አምላክ ወዳጆች ናቸው። የፈላስፋው የሻንካራ ተከታዮች ዕውቀትን ያስቀድማሉ። የማን አቋም እንደሆነ ጻፍ።

ጠያቂ፦ እሺ ጋሼ። ግን «ባክታ»ን «አዳሪ» ስለው አዳሪ ትምህርት ቤት መሰለብኝ።

ፊደል ወዳድ፦ «ያደረ» በለው።