የንባብ ማስታወሻውን ስለ ማሳተም፦ የጋራ ማመልከቻው ረቂቅ፣ አስተያየት እስከ እሑድ ማታ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እኛ በእስራኤል ያለን የቤተ እስራኤል ማኅበር አባላት ባለፈው ስብሰባ የተስማማንበት ይህ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃችን ከናዚ ካምፕ የተረፉትን ጸሐፊዎች ፕሪሞ ሌቪንና ኤሊ ቪዘልን ስታነብ የጻፈችው ባለ 36 ገጽ ማስታወሻ በዕብራይስጥና በአማርኛ ጎን ለጎን በ300 ቅጂ ታትሞ ናዚዎች አይሁዳውያንን የፈጁበት ሆሎኮስት ለሚታሰብበት ዕለት፣ በዕብራውያን አቆጣጠር ለኒሳን 27፣ ይደርሳል። ዓላማው ዕብራይስጥ የማያነቡ ወላጆች ልጆቻቸው ምን አንብበው ፊታቸው ጠቁሮ ወደ ቤት እንደሚገቡ እንዲያውቁ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ልናገኝ የምንችለው ቢበዛ 9,000 ሸቀል ሲሆን ማመልከቻው እሑድ ካልገባ ገንዘቡ እንደ አምናው ለሌሎች ይሄዳል።

ገንዘብ ያዥ፦
የማተሚያ ቤቱ ዋጋ ብቻውን 9,000ውን ይጨርሰዋል። በነጻ የሚተረጉም ሰው ካልተገኘ እኔ በዚህ ወረቀት ላይ አልፈርምም። የአምናውን ዕዳ የከፈልኩት ከኪሴ እንደ ነበረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አባል፣ ከነታንያ፦
እኔ እተረጉመዋለሁ። ደብተሩን ዛሬ ማታ መጥቼ እወስዳለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች እስከ ሐሙስ አደርሳለሁ።

ቄስ፦
ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ርእሱን አርሙ። «ሆሎኮስት» ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን ፍቺውም ፈጽሞ የሚቃጠል መሥዋዕት ማለት ነው። በኦሪታችን መሥዋዕት ሰው ወድዶና ነውር የሌለበትን መርጦ ለእግዚአብሔር የሚያቀርበው ነው። ስድስት ሚሊዮን ነፍስ ያጠፉት ካህናት አልነበሩም፣ የጠፉትም ቁርባን አልነበሩም። ይህ ቃል ሽፋኑ ላይ ከወጣ የእኔ ስም ከማኅበሩ ወረቀት ይሰረዝ።

አባል፣ ከረሖቮት፦
ቄሳችን እውነት ብለዋል። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመታሰቢያ ሕግም ቃሉ የዕብራይስጡ «ሾዓ»፣ ጥፋት ማለት፣ ነው፤ እኛም ሾዓ ብለን እንለፈው።

አባል፣ ከአሽዶድ፦
ሾዓ የሚለውን ቃል እናቴ በየዓመቱ ሳይረኑ ሲጮኽ ትሰማዋለች እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም። መጽሐፉ ዕብራይስጥ ለማያነቡ ነው ካላችሁ በኋላ ርእሱን በዕብራይስጥ መጻፍ ምን የሚሉት ነው? «እልቂት» የሚል የራሳችን ቃል አለን።

ቄስ፦
ሕዝብ በወረርሽኝም በረሃብም ያልቃል፤ ለእልቂት ገዳይ አያስፈልገውም። በክፉ ቀን ከብቱም ሰውም ባለቀ ጊዜ ማንም ባቡር አላሰናዳም፣ ማንም የስም ዝርዝር ይዞ በር ላይ አልቆመም።

አባል፣ ከረሖቮት፦
እንግዲያስ «ጭፍጨፋ» ይባል፤ ጭፍጨፋ ጨፍጫፊ አለው።

አባል፣ ከአሽዶድ፦
ጭፍጨፋ ሲባል ያገራችን ሰው የሚያስበው የካቲት 12ን ነው፤ እርሱ ሦስት ቀን ነበር፣ ይህ ግን ዓመታት የፈጀ፣ ቢሮና ማኅተም የነበረው ሥራ ነው። ቃል አትሰብስቡ፣ አንዱን ምረጡ።

የንባብ ክበቡ አስተባባሪ፦
ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሽፋኑ ስንጨቃጨቅ ከመካከላችን ውስጡን ያነበበ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ልጅቷ የሌቪን መጽሐፍ ስትጀምር የቆመችው፣ በ1944 ጣሊያን ውስጥ ካለው ከፎሶሊ ካምፕ የተነሡትን እስረኞች ጀርመኖቹ ቆጥረው 650 «ቁራጭ» ብለው ካስረከቡበት ቦታ ላይ ነው። እርሷ ይህን በአማርኛ «650 ፍሬ» ብላ ጽፋዋለች፤ ከሥሩም አያቷ እንቁላል ስትቆጥር ፍሬ እንደምትል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቃሉን በሰማች ቁጥር እንደሚከብዳት አክላለች። ጣሊያን የሚባል ሕዝብ መኖሩን የምታውቀው በቤታቸው ከሚወራው የአምስቱ ዓመት ወሬ ስለነበር ሌቪ ጣሊያናዊ መሆኑን ስታውቅ ግራ ገብቷታል፤ ፋሽስቱ መንግሥት በ1938 በገዛ አገሩ አይሁዳውያን ላይ የዘር ሕግ እንዳወጣ ካነበበች በኋላ ደግሞ «አያቴ የሸሸው ሰውና ሌቪን ያሳደደው ሰው አንድ ነበሩ» ብላ ጽፋለች። እኔ መምህር ሆኜ ይህን ለማንም ክፍል አስተምሬ አላውቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስለ ቪዘል የጻፈችው ነው። እርሱ ያየውን በመጀመሪያ በአውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋ በዪዲሽ በሰፊው ጽፎ በ1956 በቦነስ አይረስ አሳተመ፤ በ1958 በፈረንሳይኛ ሲወጣ ግን መጽሐፉ እጅግ አጥሮ ነበር። ልጅቷ የጠየቀችው የቀረው ገጽ የት እንደሄደ ነው፤ አያቷም ወደ እስራኤል የመጣችበትን የሱዳንን መንገድ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ወደ ጀበናዋ እንደምትመለስ ጽፋ እዚያው ላይ ትታዋለች።

አባል፣ ከአሽዶድ፦
የእኅትሽ ልጅ ባትሆን ኖሮ ይህን ያህል ትደክሚላት ነበር? በዚህ ማኅበር ውስጥ የእኔም ልጅ ጽፋ ታውቃለች፤ ያነበበላት ግን የለም።

የንባብ ክበቡ አስተባባሪ፦
ልጅሽ የጻፈችውን ላኪልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ መልስ አልሰጠሽኝም። ከዛሬ ጀምሮ ከአስተባባሪነቱ ወጥቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለታችሁም ተዉ። የሌቪን መጽሐፍ አንድ ትልቅ አሳታሚ አልፈልግም ብሎት በ1947 የወጣው በትንሽ ማተሚያ ቤት፣ በ2,500 ቅጂ ብቻ ነበር። እኛ ለ300 ቅጂ ይህን ያህል ከተጣላን 2,500 ቢሆን ፖሊስ ይጠራ ነበር።

አባል፣ ከአሽዶድ፦
የተናገርኩት ተገቢ አልነበረም፤ አንሥቼዋለሁ። ነገር ግን የአያቲቱ ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ። በሱዳን መንገድ 4,000 ያህል ሰው ቀርቶብናል፤ ቀናቸውም በኢያር 28 ኢየሩሳሌም ባለው በሄርዝል ተራራ ይታሰባል። ከኒሳን 27 እስከዚያ አንድ ወር ነው። ገንዘቡ ሽማግሌዎቻችንን ወደ ተራራው ለሚያደርስ አውቶቡስ ቢውል አይሻልም?

የንባብ ክበቡ አስተባባሪ፦
ከአስተባባሪነቱ ወጥቻለሁ ብልም ይህን ሳልመልስ አላልፍም። ልጅቷ ሁለቱን መከራ አላነጻጸረችም፤ የጠየቀችው ሰው ያየውን ሲናገር ለምን እንደሚያሳጥር ነው። አውቶቡስ ይህን ጥያቄ አይመልሰውም።

ቄስ፦
የአውቶቡሱን ሐሳብ ደግፌአለሁ። የርእሱ ጉዳይ ግን ገና አልተዘጋም።

አባል፣ ከረሖቮት፦
ሶፎንያስ 1፥15 ላይ ዕብራይስጡ «ሾዓ» ያለውን የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የመፍረስና የመጥፋት ቀን» ብሎ አስማምቶታል። «ሾዓ፣ የመጥፋት ቀን» ብንል ሁሉንም ያስታርቃል።

ቄስ፦
የእኛ መጽሐፍ ግዕዙ ነው እንጂ አማርኛው አይደለም። ቢሆንም ከሆሎኮስት ይሻላል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሐሙስ አልፏል፤ ትርጉሙም አልደረሰኝም። ዛሬ ማታ የማስገባው ማመልከቻ እንደሚከተለው ተስተካክሏል፦ 5,000 ሸቀል ወደ ሄርዝል ተራራ ለሚሄድ አውቶቡስ፣ 2,500 ለአዳራሽ፣ ለዳቦና ለቡና፣ 1,500 «ሾዓ፣ የመጥፋት ቀን» ለተሰኘ ባለ አራት ገጽ ወረቀት። በወረቀቱ ውስጥ ከማስታወሻው ሁለት ገጽ ይገባል። የትኛው ገጽ እንደሚሆን ገንዘቡ ሲፈቀድ እንወስናለን።

ተማሪዋ፦
አክስቴ አሳየችኝና ነው የምጽፈው። እኔ ደብተሩ ላይ ከላይ የጻፍኩት ሆሎኮስትም ሾዓም አልነበረም፤ ሌቪ ክንዱ ላይ የተነቀሰው ቁጥር፣ 174517፣ ብቻ ነበር። የሚታተመውን ገጽ እናንተ ምረጡ፤ ነገር ግን መምህሬ ማስታወሻዎቹን ረቡዕ ስለምትሰበስብና ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ ውጤቴ ስለሚቆጠር ደብተሬን ከዚያ በፊት መልሱልኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ደብተሩ ያለው የነታንያው አባላችን ዘንድ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሣም፤ ቤቱን የሚያውቅ ካለ ዛሬውኑ ይደውልልኝ።