በእጅ የተሠራ የዋንዛ ቤዝ ጊታር ቅብ ከሁለት ወር በኋላ ለምን ሰመጠ?

ባለመሮ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለአንድ ዓመት ያህል ቅዳሜና እሑድን እየጠበቅሁ በእጄ የሠራሁት ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር በነሐሴ ወር አለቀ ብዬ ነበር፤ አሁን በጥቅምት ማገባደጃ ላይ ግን ማለቁን እየተጠራጠርሁ ነው። ገላው ከአያቴ ቤት ከወጣ አሮጌ የዋንዛ ጠረጴዛ፣ አንገቱ ከጥቁር እንጨት፣ ፍሬቶቹ (ክሩ የሚጫንባቸው ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች) የተተከሉበት ሰሌዳ ደግሞ ከወይራ የተሠራ ነው። ከራስጌው የክር ማረፊያ እስከ ብሪጁ (ገላው ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት ብረት) ያለው ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የፍሬቶቹን ቦታ ያገኘሁት የቀረውን ርዝመት በየጊዜው ለ17.817 በማካፈል ነው፤ የመጀመሪያው በ48.5 ሚሊ ሜትር፣ 12ኛው በ432 ሚሊ ሜትር ላይ ዐርፎልኛል። ቅኝቱ እስከ መጨረሻው ፍሬት ድረስ የተስተካከለ ስለሆነ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ያስቸገረኝ ቅቡ ነው። ገላውን በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ካለሰለስሁ በኋላ ለቤት ዕቃ የሚሸጠውን ሲለር (መዝጊያ ቅብ) ሁለት ጊዜ ወፈር አድርጌ ቀባሁት፤ ቀጥሎም ኒትሮሴሉሎስ ላከር (በቲነር የሚቀጥን አንጸባራቂ ቅብ) በኮምፕረሰር በሁለት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ረጨሁበት። በሦስተኛው ቀን በመኪና ቀለም ማብሪያ ሳሸው መስታወት መሰለ። ዛሬ ግን መስኮት አጠገብ ይዤ አዘንብዬ ስመለከተው፣ ፊቱ በመርፌ የተወጋጋ ይመስል የእንጨቱ ቀዳዳዎች በሙሉ ወደ ውስጥ ሰምጠው ይታያሉ። ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ ደግሞ የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ነጭ ጭጋግ አለ፤ እሱ የታየው በረጨሁበት ዕለት ማታ ነበር፣ ይጠፋል ብዬ ተውሁት። አንገቱን በላከር ሳይሆን ከገበያ በገዛሁት የተልባ ዘይት እስኪጠግብ ድረስ የቀባሁት ሲሆን፣ ከሁለት ወር በኋላም እጅ ይይዛል።

ሁሉንም ልጬ እንጨቱ ድረስ መመለስ አለብኝ ወይስ ያለውን ማዳን ይቻላል? ጥፋቱስ የቱ ላይ ነው?

የድሮ አናጢ

የዕለት እንጀራዬ የቤት ዕቃ ነው፤ ጊታር የሠራሁት አራት ብቻ ነው። ዋንዛን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው ልመልስልዎት። ገላውን እስከ እንጨቱ መላጥ አያስፈልግዎትም።

ዋንዛ እንደ ማሆጋኒ ሁሉ ቀዳዳው በዓይን የሚታይ እንጨት ነው። ሲለር ስሙ እንደሚለው ይዘጋል እንጂ አይሞላም፤ ይባስ ብሎም ለብርጭቆ ወረቀት እንዲመች ተብሎ የሳሙናነት ጠባይ ያለው ነገር ስለሚጨመርበት ለስላሳ ነውና፣ ወፍራም ሆኖ ከሥር ሲቀመጥ ለላይኛው ላከር ጥሩ መሠረት አይሆንም። እርስዎ የረጩት ላከር ደግሞ አብዛኛው ቲነር ነው። ከቀጠነ በኋላ ከአንድ ሊትር ውስጥ እንጨቱ ላይ የሚቀረው ቢበዛ አንድ አምስተኛው ነው፤ ሌላው በንኖ ይሄዳል። ይህ ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ሳምንታት ይወስዳል። ቲነሩ በወጣ ቁጥር ቅቡ እየተኮማተረ ባዶውን ቀዳዳ ተከትሎ ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን ያሹት መስታወት ገና ቲነር የቋጠረ ነበር፤ ደርቆ ነበር እንጂ አልበሰለም ነበር። እኔ መብሰሉን የማውቀው በአፍንጫዬ ነው፤ አስጠግቼ ሳሸተው ትንሽ እንኳ የቲነር ሽታ ካለው ወደ ግድግዳው መልሼ እሰቅለዋለሁ። ከመጨረሻው ርጭት በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት እጠብቃለሁ።

ለሚቀጥለው ሥራዎ የቀዳዳ አሞላሉን በዝርዝር ልንገርዎት፣ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ችግር ሥር እዚያ ነው። አስቀድሞ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ይዳብሱት፤ ተኝቶ የነበረው ፀጉር ይነሣል፣ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ቀለል አድርገው ያጥፉት። ቀጥሎ ሼላክ (ከነፍሳት የሚገኝ ተፈጥሯዊ ሙጫ) በአልኮል አሟሙተው (ለአንድ ሊትር አልኮል ከ120 እስከ 240 ግራም) አንድ ጊዜ ስስ አድርገው ይቀቡት፤ ይህ የመሙያው ቀለም እንጨቱን እንዳያዥጐረጉረው ይጠብቀዋል። ከዚያ ከዋንዛው ጥቂት ጠቆር ያለ መሙያ ይምረጡና፣ አገልግሎቱን በጨረሰ የፕላስቲክ ካርድ እንጨቱ ባደገበት አቅጣጫ ሳይሆን አግድም እየገፉ ያስገቡት። በአደገበት አቅጣጫ ከገፉት ካርዱ ያስገባውን መልሶ ይጠርገዋል። ላዩ ደብዘዝ ማለት ሲጀምር በጆንያ ጨርቅ፣ አሁንም አግድም፣ የተረፈውን ያንሡ። ሳምንት ያህል አሳድረው በስልክዎ መብራት በጎን እያበሩ ይዩት፤ ጥላ የሚጥል ቀዳዳ ካለ ይድገሙት። ዋንዛ ላይ ሁለት ጊዜ ሳልሞላ ቀርቼ አላውቅም። ብዙ የሠፈራችን ሠራተኞች ጄሶ በኮላ ለውሰው ይሞላሉ፤ ዕለቱን ያማረ ነው፣ ውሎ አድሮ ግን ጄሶው ነጭ ሆኖ እያንዳንዷ ቀዳዳ ጨው የተነሰነሰባት ትመስላለች።

አሁን ላለው ሥራ ደግሞ የሚከተለውን ያድርጉ። የመኪና ማብሪያ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን ስላለበት፣ አዲስ ላከር ሲያርፍበት እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል፤ ስለዚህ በሳሙና ውኃ ካጠቡት በኋላ የመኪና ቀለም ሱቆች በሚሸጡት የሰምና የሲሊኮን ማጽጃ ይጥረጉት። ቀጥሎ 600 ቁጥር ወረቀት በጠንካራ ቡሽ ላይ ጠቅልለው ፊቱን ያስተካክሉ። ወረቀቱ የነካው ሁሉ ፈዛዛ ሲሆን፣ ያልነካቸው የሰመጡት ቀዳዳዎች እንደ ከዋክብት እያብረቀረቁ ይቀራሉ፤ እነሱ ናቸው መለኪያዎ። አብዛኞቹ እስኪጠፉ ብቻ ይሥሩ፤ የቀሩትን አዲሱ ላከር ይሞላቸዋል። ኒትሮ የበፊቱን ንብርብር መልሶ ስለሚያሟሟው አዲሱና አሮጌው አንድ ቅብ ይሆናሉ፤ ፖሊዩሪቴን (ከደረቀ በኋላ በቲነር የማይሟሟ ቅብ) ቢሆን ኖሮ ይህን ዕድል አያገኙም ነበር። በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ አይርጩ።

ነጩ ጭጋግ የክረምት ሥራ ነው። ፈጣን ቲነር ሲበንን የእንጨቱን ፊት ያቀዘቅዘዋል፤ በነሐሴ እርጥበት ደግሞ በቀዘቀዘው ፊት ላይ ጤዛ ያርፍና ቅቡ ውስጥ ይታሰራል። ላዩን ካስተካከሉ በኋላ ፀሐይ በወጣበት ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ዘግይቶ የሚበን ቲነር ብቻውን እንደ ጉም ስስ አድርገው ይርጩበት፤ ቅቡ ለጥቂት ደቂቃ ሲለሰልስ የታሰረው እርጥበት መውጫ ያገኛል። የጋዝ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያድርጉ፤ የጨርቅ ማስክ የቲነር ጢስ አይመልስም። በግቢው ውስጥ የቡና ከሰል ተያይዞ ከሆነም ለሌላ ቀን ያሳድሩት፣ ኒትሮ እሳት ወዳጅ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ከላይ የጻፉት ታላቅ ወንድማችን ገላውን ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ አንገቱ ልናገር። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ጊታር እጠግናለሁ፤ እንደ እርስዎ ያለ የሚያጣብቅ አንገት በዓመት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ይገጥመኛል።

የተልባ ዘይት እንደ ላከር በንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ወደ ጠንካራነት ይለወጣል። ከገበያ የሚገዛው ጥሬ ዘይት ማድረቂያ ስላልተጨመረበት ስስ ሆኖ እንኳ ሳምንታት ይፈጃል፤ ወፍራም ሆኖ ሲቀመጥ ደግሞ ላዩ ቆዳ ያወጣና ከሥሩ ያለው አየር አጥቶ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። አንገቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ይፍቱት፤ በተርፔንታይን በራሰ ሻካራ ጨርቅ አጣባቂው ነገር እስኪነሣ ይሹትና ሁለት ቀን ያሳድሩት። ከዚያ በኋላ ለቀለም ሥራ የተዘጋጀውን፣ ማድረቂያ ያለበትን የተልባ ዘይት ይጠቀሙ። ጥቂት ጠብታ ቀብተው፣ ሩብ ሰዓት ቆይተው፣ በደረቅ ጨርቅ ምንም ያልቀቡ እስኪመስልዎት ድረስ ይጥረጉት፤ በማግስቱ ይድገሙት። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይበቃል። በመጨረሻ ጥቂት ንጹሕ ሰም ቢያሹበት እጅ ሳይያዝ ይንሸራተታል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ዘይቱን የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው ቅርጫት ውስጥ አይጣሉት፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፣ የተጨማደደው ጨርቅ ሙቀቱን ያፍነዋል፣ ከዚያም ማንም ክብሪት ሳይጭር ይቀጣጠላል። በገመድ ላይ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት። እኔ ራሴ አንድ ምሽት ከሥራ ቦታዬ ልወጣ ስል የማላውቀው ሽታ ሸትቶኝ ባልመለስ ኖሮ ዛሬ የምጽፍበት ቤት አልነበረኝም፤ ከባልዲው ያወጣሁት ጨርቅ መሐሉ ጠቁሮ ነበር።

አንገቱን ለማለስለስ የብረት ሱፍ ካሰቡ ደግሞ ከማይክሮፎኖቹ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጡት ማግኔት ካላቸው ክፍሎች) ያርቁት። ማግኔቱ ብናኙን ይስበውና ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይወጣም።

የበገና ልጅ

ብዙ ሰው ስለ ቅብ ሲነሣ ኒትሮ ድምፅን "ያስተነፍሳል"፣ ፖሊዩሪቴን ደግሞ "ያፍናል" ሲል እሰማለሁ። ጠያቂው ይህን አላነሡም፤ አንድ ሰው ከማንሣቱ በፊት ግን የተለየ ሐሳብ ላስመዝግብ። ድፍን ገላ ባለው ኤሌክትሪክ ቤዝ ላይ ከቅቡ ይልቅ ክሩ፣ ማይክሮፎኑና የፍሬቶቹ ደረጃ እጅግ ይበልጣሉ። ቀጭን ቅብ የሚያስፈልገው ፊቱ በሚንቀጠቀጥ የአኮስቲክ ጊታር ላይ ነው። ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጎኑንና ጀርባውን ከወረቀት ካርቶን የሠራው ጊታር ይህንኑ ለማሳየት ነበር፤ ድምፁ በዋናነት የፊተኛው ገበታ ነው ብሎ ያምን ነበርና።

ከዚህ ይልቅ ጠያቂው ፍሬቶቹን በቀጥታ ማስመሪያና በረጅም ሞረድ አስተካክለው እንደሆነ እጠይቃለሁ። በገና ላይ ክሩ በሚያርፍበት በርኩማና በክሩ መካከል እንዚራ (ትንሽ የቆዳ ቁራጭ) የሚገባው ክሩ እንዲያንዛርር ተፈልጎ ነው፤ ቤዝ ላይ ግን ያ ድምፅ ከመጣ ብዙ ጊዜ አንዱ ፍሬት ከጎረቤቱ ረዝሟል ማለት ነው። ክሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው በመካከሉ ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካላገኙ፣ ሞረድ ከማንሣትዎ በፊት በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ያስተካክሉ። አራቱ ክሮች ተደምረው ወደ 80 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጉልበት ስለሚስቡት፣ ክሩን ካሰሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና መለካት አይከፋም።

ባለመሮ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክፍተቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንገቱን ፈትቼ በተርፔንታይን አሸሁት፤ ጨርቁ ላይ የወጣው ነገር ከማር የማይለይ ነበር። ጨርቁንም በልብስ ገመድ ላይ ሰጥቼው እናቴ ለምን ቆሻሻ እንደማሰጣ ጠይቃኛለች። ጭጋጉ በሁለት ስስ ርጭት ዓይኔ እያየ ጠፋ። ቀዳዳዎቹን በ600 ቁጥር ሳስተካክል ግን ክንድ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ የጣት ጥፍር ያህል ቦታ እንጨቱ ድረስ በልቼዋለሁ። ያ ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል።

የድሮ አናጢ

ጠርዝ ሁልጊዜ የሚበላው ቅቡ እዚያ ስለሚሳሳ ነው፤ ወረቀቱን ጠርዝ ላይ በቡሽ ሳይሆን በጣት፣ ያውም በ1000 ቁጥር ብቻ መንካት ነበረብዎት። የነጣውን ቦታ በትንሽ ብሩሽ በሼላክ ሁለት ጊዜ ይንኩት፤ ሼላክ ከኒትሮም ከእንጨትም ጋር ይስማማል፣ የራሱ የማር ቀለምም ንጣቱን ወደ ሌላው ያቀርበዋል። ቀለሙ ካልተስተካከለ ላከር ከመርጨትዎ በፊት በአልኮል ጠርገው እንደገና ይሞክሩ። ከተረጨ በኋላ ግን ዕድሉ ያልፋል።

ለሚቀጥለው ገላ ደግሞ ከብርጭቆ ወረቀት በፊት ስስ የብረት መፋቂያ ይሞክሩ። ከተጣለ መጋዝ የመዳፍ ያህል ቆርጠው ጠርዙን በሞረድ ቀጥ ያድርጉ፣ ከዚያ በመሮ ጀርባ ጠንክረው እየዳመጡ ወደ ጎን የታጠፈ ስስ ከንፈር ያውጡለት። አቧራ ሳይሆን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ካወጣ በትክክል ተስሏል።

ባለመሮ (ጠያቂ)

ሼላኩ ሠርቷል፤ ቦታውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የመጨረሻውን ላከር ትናንት ረጭቼ ከአልጋዬ በላይ ሰቅየዋለሁ። እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ የማሸተው በአፍንጫዬ ብቻ ይሆናል።