ከሊድስ ወደ ፒከሪንግና ዊትቢ፦ ከእናቴ ጋር ለአንድ ቀን ጉዞ ምክር እፈልጋለሁ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሊድስ ሲሆን፣ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተው በነሐሴ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይሰነብታሉ። ባሕር አይተው ስለማያውቁ በአንድ ቀን ዊትቢን፣ ስካርብራንና ሮቢን ሁድስ ቤይን፣ በመንገድ ላይም አንድ የገበያ ከተማ ላሳያቸው አስባለሁ። መኪና አለኝ። ይሁን እንጂ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገት ይከብዳቸዋል፤ ፍልሰታንም ይጾማሉ። የትኛውን ቀን ልምረጥ? የትኛውንስ ቦታ ልተው?

ምላሽ 1
እናትዎን እግዚአብሔር በሰላም ያምጣልዎ። አንድ የገበያ ከተማና አንድ የባሕር ዳር ከተማ ይበቃሉ፤ አራቱንም በአንድ ቀን ካሰቡ ጊዜው መኪና ውስጥ ያልቃል። ሮቢን ሁድስ ቤይ ውብ ቢሆንም፣ መኪናው ከላይ ቆሞ ወደ ባሕሩ የሚወረደው በአስቸጋሪ ቁልቁለት በእግር ስለሆነ ለታመመ ጉልበት አይሆንም። የፒከሪንግ ገበያ የሚውለው ሰኞ ነውና ሰኞን ይምረጡ፤ ጠዋት እዚያ ቆይተው በኤ169 መንገድ ወደ ዊትቢ ይቀጥሉ። መንገዱ የሚያቋርጠው ሰፊ ሜዳ በዚያ ወቅት ሐምራዊ አበባ ይለብሳል፤ አበባው የሚወጣበት አጭር ቁጥቋጦ በአገራችን ደጋ ከሚበቅለው አስታ ጋር ስለሚዛመድ ቆም ብለው ያሳዩአቸው። በእንፋሎት ባቡር መሄድም ይቻላል (መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1836 ሲከፈት ሠረገላውን የሚስቡት ፈረሶች ነበሩ)፤ ግን መኪናውን ለመውሰድ ወደ ፒከሪንግ መመለስ ግድ ይላል።

ምላሽ 2
በዚህ እስማማለሁ፤ ስለ ዊትቢ ገዳም ግን ልጨምር። ከአሮጌው ከተማ የሚወጡት 199 ደረጃዎች ስለሚያስፈሩ አረጋውያንን የያዘ ሰው ይተወዋል፤ ሆኖም ከገዳሙ አጠገብ በመኪና የሚደረስበት ማቆሚያ አለ። ቅድስት ሂልዳ ገዳሙን የመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ657 ነው። በ664 የፋሲካ ቀን በአየርላንድ መነኮሳት ወይስ በሮም አቆጣጠር ይሰላ የሚለውን ክርክር ለመቁረጥ ጉባኤ የተቀመጠው እዚያው ሲሆን፣ ንጉሥ ኦስዊ ለሮም ሥርዓት ፈረደ። ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ ከዚያ ብዙ ቆይቶ የተሠራ ሕንፃ ነው፤ ገዳሙም በ1539 በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ተዘግቷል። በዓላቱ በባሕረ ሐሳብ ሲወጡ እየሰማ፣ አጽዋማቱን እየጠበቀ ለኖረ ሰው ይህ ክርክር እንግዳ አይደለምና፣ ታሪኩን ገዳሙ ውስጥ ሆነው ይንገሯቸው።

ምላሽ 3
ስለ ጾሙ ማሳሰብ የምፈልገው አለ። በዮርክሻየር ብዙዎቹ የዓሣና የድንች ጥብስ ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ስለሆነ፣ ዓሣውን ቢተዉት እንኳ ድንቹ የፍስክ ነው። በአትክልት ዘይት የሚጠብሱም ስላሉ ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ፤ አለዚያም ፍራፍሬውን ከፒከሪንግ ገበያ፣ የቀረውን ከቤት ይያዙ። እናትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ገዳሙን አስቀድመው ከምግብ በኋላ ወደ ወደቡ ይውረዱ። በምዕራቡ በኩል እስከ መብራት ቤቱ የሚዘልቀው መንገድ ደልዳላ ስለሆነ ባሕሩን ሳይደክሙ ያዩታል፤ ነፋሱ በበጋም ብርቱ ነውና ነጠላ ብቻ ሳይሆን ወፍራም ሹራብም ይያዙላቸው።