አንቀልባው ሲፈታ የምትነቃ ልጅ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጠያቂዋ (ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ባሕር ዳር)፦ የነቃችሁ እናቶች ካላችሁ ድረሱልኝ። አሁንም ጀርባዬ ላይ ናት። አዝዬ ስዞር ጭልጥ ብላ ትተኛለች። የአንቀልባውን ቋጠሮ ስፈታ ዓይኗ ቦግ! አልጋ ስትነካ እሪታ ነው። እናቴ ናት ያስለመደቻት፤ እሷ ደግሞ ቅዳሜ ዳንግላ ተመለሰች። ወገቤ አለቀ። አንቀልባ ያበላሻትን ልጅ እንዴት ልመልሳት?

የሦስት ልጆች እናት፦ ስንት ወሯ ነው? እሱን ሳትነግሪን!

ጠያቂዋ፦ ውይ፣ 8 ወሯ።

ከሽምብጥ፦ የእኔ 27 ዓመቱ ነው፤ እሱም እስካሁን አልተኛም። አይዞሽ።

አባወራው፦ የዘመኑ እናቶች ስልክ ይዛችሁ ልጅ ታስተኛላችሁ። እኛ ሰባት ሆነን አንድ መደብ ላይ አደግን፤ ማን እሹሩሩ አለን?

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ ስልኩን የያዝኩት መብራት ጠፍቶ ነው።

ነርስ ነኝ፦ መጀመሪያ ሙቀቷን ለኪ። ትኩሳት ካላት ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ እዚህ ሐይቅ ዳር ወባ ሳይመረመር አይታለፍም። ጤነኛ ከሆነች በየማታው ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፦ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ጡት፣ እሹሩሩ፣ አልጋ። 2 ሰዓት ካልሽ ሁሌም 2 ሰዓት። እንቅልፍ ሳይወስዳት፣ ዓይኗ ከበድ ሲል በጀርባዋ አስተኚያት። ትራስ አይኑር። አጎበሩን ፍራሹ ሥር ወትፊው።

ጎረቤት፦ ጤና አዳም አፍልተሽ አጠጫት፣ አለቀ።

ነርስ ነኝ፦ ኧረ አታጠጫት!

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ ግን አንቀልባ አበላሻት የሚለው አይዋጥልኝም። አያቷ ናፍቃት ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው ይለያሉ፤ የለመዱት ሰው ሲጠፋ ሌሊቱን ይፈልጉታል። ቀን ቀን እዘያት፣ ምንም አትሆንም። ማታ ግን ከማውረድሽ በፊት አንሶላው ላይ ትንሽ ጋደም በይበት፤ የእኔን የሚቀሰቅሳት ቅዝቃዜው ነበር። ስታወርጃት መቀመጫዋን አስቀድሚ፣ ጭንቅላቷን ኋላ። እጅሽን ደረቷ ላይ አቆዪ፣ ቶሎ አታንሺ።

ከቀበሌ 14፦ ማታ ገላዋን እጠቢያት። በጣም ይሠራል።

ከሽምብጥ፦ ተብሏል እኮ።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ተጋድሜ አንሶላውን እያሞቅኩት ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ እንዴት ሆነች?

የሦስት ልጆች እናት፦ አለሽ?

ከቀበሌ 14፦ አንቀልባውን ከየት ነው የገዛሽው? ለእህቴ ልጅ ፈልጌ ነበር።