የናፍዕ ስም ሽፋን ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ? (ክርክር)

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያችን ይህ ነው። ጀርመናዊው ምሁር ኤኖ ሊትማን (1875–1958፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤርትራ የሚኖሩ የትግረ ጎሳዎችን ተረት፣ ልማድ፣ የሰው ስምና ሙሾ፣ ከዚያም 717 ዘፈኖች ከ1910 እስከ 1915 በሆላንድ ከተማ በላይደን አሳትሟል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የእሱ ብቻ ነው። ከጽሑፉ ብዙውን ግን በቃል የነገረውና ከሽማግሌ ሽማግሌ እየዞረ የለቀመው ናፍዕ ወድ ዕትማን የሚባል፣ ከትግረ ጎሳዎች አንዱ የሆነው የመንሳዕ ወጣት ነበር። አንዲት አባላችን «አዲስ እትም ቢወጣ ናፍዕ ከሊትማን እኩል ሽፋን ላይ ይጻፍ» ብላ ነበር። ሌላ አባል ደግሞ «ይህ ታሪክ መበረዝ ነው» ብሎ መለሰላት። እዚህ ይቀጥሉ። ትግረና ትግርኛ ሁለት ቋንቋ መሆናቸውን ብቻ አደራ፤ ባለፈው ግማሹ ሰው እሱን እያምታታ ነው የተጨቃጨቀው።

የፎክሎር ተማሪዋ፦
ሽፋን ላይ ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ።

ሊትማን በ1905 መጨረሻ ገደማ የመንሳዕ መንደር ወደሆነችው ገለብ ገባ። ወጪውን የቻለው በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጉዞ ነው፤ ያረፈው የስዊድን ሚስዮን አካባቢ ነው። ናፍዕም የሚስዮኑ ተማሪ ነበር። ሊትማን ግን ብዙ አልቆየም። አፄ ምኒልክ ለጀርመኖች ፈቅደው ስለነበር፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም የአክሱምን ጥናት እንዲመራ ላከው፤ በ1906 መጀመሪያ አክሱም ነበር። እንግዲህ ገለብ በነበረባት አጭር ጊዜ ይህን ሁሉ ብቻውን ሰበሰበ ብሎ ማን ያምናል? እሱ ከሄደ በኋላ ሥራው የቀጠለው በናፍዕ እጅ ነው። ቆይቶም ናፍዕ ያኔ የጀርመን ወደነበረችው ወደ ስትራስቡርግ ሄዶ፣ ከሊትማን ጋር ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ሲያስረዳ ከረመ። በ1909 ወደ አገሩ ሲመለስ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ሕይወቱ አለፈ። የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው በዓመቱ ነው።

እኔ በትምህርቴ ስነ ቃል እሰበስባለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ «መረጃ አቀባይ» እንለዋለን፤ ስሙን፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን በአባሪ፣ በመጨረሻው ገጽ እንደረድራለን። ናፍዕ ግን ሲጠየቅ ብቻ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ራሱ ጠያቂ ነበር። ለሰበሰበ ሰው የሚገባው ስም ሰብሳቢ ነው።

ከሽቱትጋርት፦
እህቴ፣ የናፍዕን ድካም አልክድም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ስለ ናፍዕ እንዴት አወቅን? ሊትማን ስለጻፈው ነው! መቅድሙ ላይ በስሙ ጠርቶታል፣ ድርሻውንም ተናግሯል። በዚያ ዘመን ስንቱ አውሮፓዊ «አንድ የአገሬው ሰው እንደነገረኝ» ብሎ አልፏል።

ደግሞ ሥራውን አናቅልለው። ሊትማን የታላቁ የሴም ቋንቋዎች ምሁር የኖልደከ ተማሪ ነው፤ መምህሩ ሲለቅ የስትራስቡርግን ወንበር የወረሰው እሱ ነው። የትግረውን ጽሑፍ በፊደላችን አስቀምጦ ተረቱን ወደ እንግሊዝኛ፣ ዘፈኑን ወደ ጀርመንኛ መለሰ። የከብት ዝርያ፣ የኮከብ ስም፣ የጎሳ ጠብ ሳይቀር እየተነተነ ማብራሪያ ጻፈ። ይኸው ሰው ነው ሺህ አንድ ሌሊትን ከዐረብኛ በስድስት ቅጽ ወደ ጀርመንኛ የመለሰው፤ እዚህ አገር ሰው ዛሬም ያነበዋል። እኔ የምኖረው እሱ ከ1921 ጀምሮ ካስተማረባት ከቱቢንገን ቅርብ ነው፤ በቤተ መጻሕፍት እነዚያን ቅጾች ገልጬ አይቻለሁ። ናፍዕ ባይኖር መጽሐፉ ይጎድል ነበር፤ ሊትማን ባይኖር ግን መጽሐፍ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

የመቶ ዓመት ሽፋን ዛሬ መቀየር ትክክል አይመስለኝም። ሐዘናችንን በመግቢያ እንጻፍ፤ ሽፋኑ እንደነበረ ይቆይ።

የፎክሎር ተማሪዋ፦
ቱቢንገን ካልክ አይቀር፣ የትግረ መዝገበ ቃላቱንም አይተኸዋል። ሊትማን ከሞተ በኋላ በ1962 ነው የተጠናቀቀው። ሽፋኑ ላይ ማን አለ? ኤኖ ሊትማን እና ማሪያ ሆፍነር። ይገባታል፣ ደክማበታለች። ያ ማለት ግን ሽፋን ለሁለት ሰው ይበቃል ማለት ነው። ለናፍዕ ጊዜ ምን ሆኖ ጠበበ?

ጋሽ መምህሩ፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም ስለ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምታወሩት። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው፤ ለናፍዕ የነገረው። ሙሾውን ያወረደችው ሴት የታለች?

ስም መጻፍ ብቻውን እውነት እንዳይመስላችሁ ደግሞ የጀርመናውያኑን ተረት ሰብሳቢዎች የግሪም ወንድማማቾችን ነገር ላንሳ። ተረቶቻቸውን በ1812 እና በ1815 ሲያሳትሙ፣ በካሰል አጠገብ የምትኖር ዶሮቴያ ፊህማን የምትባል ሴት በሁለተኛው ቅጽ መቅድም ላይ በስሟ አመሰገኑ። በ1819ኙ እትም ሥዕሏን ሳይቀር ከፊት አደረጉት። እንዲህ ያለ ክብር ማን አገኘ? ግን እንዴት አድርገው አስተዋወቋት? ጥንታዊውን የአካባቢውን የሄሰንን ተረት በልቧ የያዘች ገበሬ አድርገው። ሴትዮዋ የልብስ ሰፊ ሚስት፣ የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ ነበረች፤ በአባቷ በኩል ዘሯ ከፈረንሳይ ከተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች ይመዘዛል። አንዳንዱ ተረቷ ከፈረንሳይ ተረት ጋር የሚቀራረበው ያለ ምክንያት አይደለም። ስሟ ተጻፈ፣ ማንነቷ ግን ለሰብሳቢዎቹ ሐሳብ እንዲመች ተከረከመ።

ናፍዕንም «የትግረ ሕዝብ ድምፅ» ብለን ሽፋን ላይ ስንሰቅለው እንዲሁ እንዳናደርገው። በሚስዮን የተማረ፣ የአንድ ጎሳ ልጅ ነው። የሌሎቹን ጎሳዎች ዘፈን እሱም እንደ እንግዳ ነው የሰማው። ይህን ጽፈን ከሆነ ስሙ ይውጣ፤ ካልሆነ ግን አንድ ባዕድ በሌላ ተተካ እንጂ ምን ተደረገ?

በእኛም ዘንድ እኮ ያው ነው። ለዐምደ ጽዮንና ለይስሐቅ የተዘፈኑት የጥንት አማርኛ የነገሥታት ዘፈኖች አሉ፤ ሊትማን ራሱ በ1914 ወደ ጀርመንኛ መልሷቸዋል። የንጉሡ ስም አለ፣ የተርጓሚው ስም አለ። የአዝማሪው የለም። እሱን ያጠፋው ጀርመን አይደለም።

የከረን ልጅ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ግን በትግረ ዘፈን ላይ አንድ የሚለይ ነገር አለ። አያቴ ትግረ ተናጋሪ ነበረች፤ ዘፈን ስትጀምር መጀመሪያ የገጣሚውን ስም ከነአባቱ ትጠራ ነበር፣ እገሌ ወድ እገሌ ብላ። ወድ ማለት ልጅ ማለት ነው። የሊትማንን መጽሐፍ ያየ ሰው የሚያገኘውም ይህንኑ ነው፤ ብዙዎቹ ዘፈኖች ከላያቸው የባለቤቱ ስም አለ፣ በምን ምክንያት እንደተናገረውም ይገለጻል። ግመሉ ተዘርፎበት ነው፣ ወዳጁ ተገድሎበት ነው፣ ልጅቷ ተድራበት ነው።

ይህን ልማድ ያመጣው ሊትማን አይደለም፤ የሕዝቡ ነው። ዘፈን ባለቤት አለው ብሎ የሚያምን ሕዝብ ነው ለናፍዕ የነገረው፤ ናፍዕም እያንዳንዱን ስም ጠብቆ አስረከበ። የሌላውን ሰው ስም ሁሉ በየቦታው ያኖረው ልጅ የራሱ ስም መቅድም ውስጥ ብቻ ሲቀር ያሳዝነኛል። ክርክሩን ትቼ ስሜቴን ተናገርኩ፣ ይቅርታ።

አወያይ፦
ይቅርታ አያስፈልግም። እኔም እንደ አወያይ ሳይሆን እንደ አንባቢ አንድ ልጨምር። ሂዮብ ሉዶልፍን የአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት እንለዋለን። አስተማሪው አባ ጎርጎርዮስ የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፤ ሮም ላይ ተገናኙ፣ በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ጠርቷቸው ሄደው ቋንቋውንና ታሪኩን አስረዱት። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። ሉዶልፍ ምስላቸውን በመጽሐፉ አትሞላቸዋል፣ ግን መጽሐፉ የሉዶልፍ ነው። ናፍዕ ባሕር ላይ የቀረው ከዚያ ከ251 ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳያቸው የምለው ጠፋኝ።

ከሽቱትጋርት፦
የአባ ጎርጎርዮስን አውቅ ነበር፣ ከናፍዕ ጋር አያይዤው ግን አላውቅም።

አቋሜን በከፊል ላስተካክል። «ደራሲ፦ ናፍዕና ሊትማን» ከሆነ አልቀበልም፣ ሁለቱም ደራሲ አይደሉምና፤ ከረን ያለው ወንድማችን እንዳለው ደራሲዎቹ ከየዘፈኑ በላይ አሉ። «የሰበሰቡት ናፍዕ ወድ ዕትማንና ኤኖ ሊትማን፣ የተረጐመውና ያብራራው ኤኖ ሊትማን» ከተባለ ግን ሐሰት የለበትም። የድሮው ሽፋን ፎቶም ውስጥ ይግባ፣ ያኔ እንዴት እንደታተመ አንባቢው እንዲያይ። በዚህ ላይ አልነቃነቅም።

የፎክሎር ተማሪዋ፦
ፎቶው ይግባ፣ ተስማምቻለሁ። የጋሼንም ነገር ተቀብያለሁ፤ ናፍዕ ማን እንደነበር፣ የት እንደተማረ፣ የማን ጎሳ ልጅ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ከኋላ ደግሞ የገጣሚዎቹ ስም ማውጫ እፈልጋለሁ፤ በአባሪ ተቀብሮ ሳይሆን አንድ ሰው የአያቱን ስም ፈልጎ ዘፈኑን እንዲያገኝበት።

የከረን ልጅ፦
ስለ ማውጫው አንድ ችግር ልንገራችሁ። አንድ ወዳጄ ከሦስተኛው ቅጽ ጥቂት ገጾች ፎቶ አንስቶ ልኮልኝ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አንዱን ሦስተኛ ስንኝ ላይ ስደርስ ተቀብላኝ እስከ መጨረሻው አለችው። ግን የማን ነው ስላት፣ መጽሐፉ ላይ ካለው ሌላ ስም ጠራች። አባቷ እንደዚያ ነው ያሏት፤ ሰውየውንም ጎሳውንም ታውቃለች።

የፎክሎር ተማሪዋ፦
ቀረጽካት?

የከረን ልጅ፦
አልቀረጽኳትም። ቅዳሜ ስሄድ ደግሜ አስነብባታለሁ፤ ስልኬን ከፊቷ አስቀምጬ።